ጉድለት

ከማሞቂያው ክፍል፣ ከቧንቧዎቹ ሥር፣
ከተሰበረ ወንበር፣ ካረጀ ካርታ ጋር፣
አንድ መዝገብ ወጣ፣ ቆዳው የሻገተ፣
ጥግ ጥጉን አይጥ በልቶት፣ መሐሉ ያልሞተ።

"ፖርት አርተር" ይላል፣ በከተማው ጥንት ስም፤
ተንደር ቤይ የሚባል ያን ጊዜ የለም።
"ቅዱስ ኢሲዶር" ይላል፤ ያው የእኛው ትምህርት ቤት።
"ሠላሳ ሦስት" ይላል፤ ያ የችግር ዓመት፦
ጎተራው በስንዴ እስካፉ ተሞልቶ፣
ስንዴ የሚገዛ ከዓለም ላይ ጠፍቶ፣
ሐይቁ ዳር የሚውል ወዛደር ሥራ አጥቶ።

የሂሳብ መምህር ነኝ። ልማድ ሆነብኝና
ቁጥር ሳይ አላልፍም፤ ወንበር ሳብኩና
መደመር ጀመርኩኝ፤
የከሰል፣ የኖራ፣ የሻማ፣ የጠመኔ፤
አልገጠመም።
ደገምኩት፤ ሦስተኛ፤ አራተኛ፤
ቧንቧው እያንኳኳ፣ ዘበኛው ሲተኛ።
ሁልጊዜ ያው ጉድለት፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት
ዶላር ከስድሳ። ማን በላው? በምን ሌሊት?

የሲስተር ፊሎሜን ጽሕፈት ደቃቅ ነው፣ ቀጥ ያለ፣
እንደ መስክ ስንዴ ነው፣ ገና ያልዘነበለ።
እንዲህ ያለ እጅ ሊሰርቅ?

"ሁናትዩክ፣ ስቴፋን" ይላል፤ ጎኑ "ተከፍሏል"፤
የገቢው ዓምድ ግን ባዶውን ውሏል።
"ዴፋቬሪ፣ ሮኮ"፤ "ተከፍሏል"፤ ባዶ ነው።
"ኩባሲክ፣ አፖሎኒያ"፤ "ተከፍሏል"፤ ያው ነው።
ከጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል፦
"አባቱ ሥራ የለውም። አንድ ጆንያ ካሮት፤ ይበቃል።"
"እናቱ የደናግሉን ካልሲ ትጠግናለች።"
"ይህች ልጅ ማታ በመንገድ መብራት ታነባለች።"

ይኸውና ሌባዋ።
ሃምሳ አንድ ልጆች የገቡበት በር
ከአንዲት ሴት ውሸት የተሠራ ነበር።

ከዋናው በር በላይ ላቲን ተቀርጿል፤
ድንጋዩ ጠቁሯል፣ አንድ ፊደል ወድቋል።
እንደ አስቀዳሽ ሰው ግዕዙ እንዳልገባው፣
በሥሩ አልፈን እንጂ ማን ቆሞ አነበበው?
"ሁሉም ተቆጥረዋል" ነው።

ደስ ብሎኝ መዝገቡን ላጥፈው ስል፣ ልነሣ፣
ገጽ አርባ ሰባት ላይ አንድ ነገር ያዘኝ፣ የማልረሳ፦
"ኖዲን፣ ሲልቬስተር። ኖዲን፣ ባርተሎሚ።"
ከሐይቁ ማዶ፣ ከኦጂብዌ ሰፈር፣ ወንድማማች።
እዚህ ጠርዙ ንጹሕ ነው።
ካሮት የለም። ካልሲ የለም። መብራት የለም።
"አልተከፈለም። ፌብሯሪ ሦስት ተሰናብተዋል።"
ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ በሚጮህበት ወር።
ጽሕፈቱ ያው ነው፤ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ፤
እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ መስመሩ አልዘነበለ።

በማግሥቱ ክፍል መዝገቡን ይዤ ገባሁ፣
"ጉድለቱን ፈልጉት" ብዬ አሥራ አንደኞችን አዘዝሁ።
ካሮቱ ጋ ሲደርሱ ከኋላ ያሉት ሳቁ፤
የሲስተሯን ብልጠት ወደዱ፣ አደነቁ።
ሬይና ኖዲን ዝም ብላ ገጽ ትገልጣለች፣
ጣቷን ስሙ ላይ አኑራ ቆየች።
"የቅድመ አያቴ ወንድም ነው፤
ቫዮሊን ይጫወት ነበር፤
በበረዶው ላይ ሦስት ሌሊት በእግር" አለችና
"መምህር፣ እዚህ ገጽ ላይ ስንት ይጎድላል?" አለች።
ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ።

ለበዓሉ መዝገቡ በመስታወት ይቀመጥ
ተባለ፤ ክርክሩ በየትኛው ገጽ ይገለጥ?
ኮሚቴው ካሮቱን መረጠ።
እኔም እወደዋለሁ፤ አልዋሽም።

የሣጥኑ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ አለ።
እንግዶች ነገ በሦስት ሰዓት ይገባሉ።
ገጽ አርባ ሰባት መሐል፣ ጫፉ ወጣ ብሎ፣
የሬይና የአውቶቡስ ትኬት፣ ከእጇ ሙቀት ታጥፎ።